ቀን አልተኛም ለሚል ሕፃን የድምፅ ማሽን ምን ያህል ይረዳል?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በተለምዶ «ዋይት ኖይዝ» እየተባለ የሚጠራውን ወጥ ድምፅ እያሰማ ሕፃናትን ያስተኛል ተብሎ የሚሸጠውን፣ መጠኑ ከአንድ እጅ መዳፍ የማይበልጥ የድምፅ ማሽን ነው። ማሽኑን የገዛነው ልጃችን አምስተኛ ወሯን ይዛ፣ ሌሊቱን ከሞላ ጎደል በሰላም እያሳለፈች፣ ቀን ቀን ግን ለእንቅልፍ ባጋደምናት ቁጥር ወገቧን ወደ ኋላ እየለጠጠች በምታለቅስበት ወቅት ነው። እንደምንም ብትተኛ እንኳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ትባንናለች፤ ከባነነች በኋላ ደግሞ እስከ ምሽት ድረስ ስትነጫነጭ ትውላለች። ለብዙ ወራት ከተጠቀምንበት በኋላ የደረስንበትን ፍርድ ለማስቀደም ያህል፣ ማሽኑ እንቅልፍ ያልመጣባትን ልጅ አያስተኛም፤ አንዴ ያሸለበችውን ግን ከአጭር እንቅልፍ በኋላ በትንሽ በትልቁ እንዳትባንን በመጠበቅ ረገድ ዋጋው የሚናቅ አይደለም። አምራቹ በማሸጊያው ላይ የጻፈው ያስተኛል የሚለውን ነው፤ እኛ ያገኘነው ግን የተኛችው እንዳትባንን መጠበቁን ነው።

ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት የቀን እንቅልፍ ከሌሊቱ ለምን እንደሚከብድ ማወቅ ያስፈልጋል። አሌክሳንደር ቦርቤይ የተባሉት የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቀረቡትና ዛሬም የእንቅልፍ ሳይንስ መነሻ ሆኖ በሚያገለግለው ማብራሪያ መሠረት፣ እንቅልፍን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንደኛው ከነቃንበት ቅጽበት ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄደው የእንቅልፍ ጫና ሲሆን፣ ሁለተኛው ብርሃንንና ጨለማን እየተከተለ የሚሠራው የሰውነት ሰዓት ነው። ሌሊት ላይ ሁለቱ ተባብረው ስለሚሠሩ ሕፃኑ እንቅልፉን መቋቋም ያቅተዋል። ቀን ላይ ግን የሰውነት ሰዓቱ ለንቃት ስለሚያደላ፣ ልጁን የሚያስተኛው የተጠራቀመው ጫና ብቻ ይሆናል። በአራስነት ዘመን የሰውነት ሰዓቱ ገና ስላልጎለበተ ሕፃኑ ባገኘበት ይተኛል፤ ሰዓቱ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ወር ወዲህ እየተስተካከለ ሲመጣ፣ በዚያው ልክ አካባቢን የማየትና የመስማት ጉጉትም ሲጨምር፣ በየትም ቦታ ይተኛ የነበረው ልጅ ቀን ቀን እምቢ ማለት ይጀምራል። እንግዲህ የድምፅ ማሽን ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱንም አይነካም። ጫናውን አይጨምርም፤ ሰዓቱንም አይቀይርም። የሚሠራው ከውጭ የሚመጣውን መቀስቀሻ መሸፈን ብቻ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ውጤት የሚያሳየው ሕፃኑ በተጋደመበት ሰዓት እንቅልፉ በእርግጥ መጥቶ ከሆነ ነው። በአምስትና በስድስት ወር ዕድሜ ብዙ ሕፃናት ከአንዱ እንቅልፍ እስከ ቀጣዩ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነቅተው መቆየት ይችላሉ። ይህ አኃዝ ግን ከልምድ የተገኘ ግምት እንጂ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ስላልሆነ፣ ከግድግዳው ሰዓት ይልቅ የልጁን ፊት መመልከት ይሻላል። በልጃችን ላይ ምልክቱ የሚጀምረው ከማዛጋት በፊት ነው፤ በእጇ የያዘችውን አሻንጉሊት ሳትለቅ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ ከቅንድቧ በላይ ያለው ቆዳ ቀላ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ጆሮዋን መጎተት ትጀምራለች። ዓይኗን እያሸች ማልቀስ ከጀመረች ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የትኛውም ማሽን የትኛውንም ድምፅ ቢያሰማ የሚሰማው የእሷ ለቅሶ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት፣ ከ4 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን 11 ሰዓት የሚተኛ ልጅ ቢያንስ የቀረውን ከቀኑ ማግኘት አለበት ማለት ነው፤ «ሌሊት ከተኛች ቀን ባትተኛስ?» ለሚሉ ዘመዶች የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው።

ድምፁ በራሱ ያስተኛል የሚለው የሻጮች አባባል ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በአንድ የእንግሊዝ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት፣ 40 አራስ ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ፣ ወጥ ድምፁን ከሰሙት 20 ሕፃናት 16ቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሲተኙ፣ ካልሰሙት 20 ግን የተኙት 5 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን የጥናቱ ሕፃናት ከተወለዱ ከ2 እስከ 7 ቀን የሆናቸው ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜ የቀን እንቅልፍ እምቢ የሚል ሕፃን አይታወቅም። ከዚያ ጥናት የተገኘውን መቶኛ ወስዶ በስድስት ወር ልጅ ላይ እንደሚሠራ አድርጎ ማስታወቅ ገዢን ማሳሳት ነው። እኛ ቤት ልጃችን ቀና ብላ ማሽኑን ከአንዴም ሁለቴ በጥሞና አይታው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጩኸቷ የተመለሰችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

የድምፁ ዓይነት ግን ለውጥ ያመጣል። ማሽናችን ነጭ፣ ሮዝና ቡናማ የሚባሉትን ሦስቱን ወጥ ድምፆች፣ ከእነሱም ሌላ የዝናብ፣ የቬንትሌተር፣ የልብ ትርታ፣ የወፎችና የእሽሩሩ ዜማዎችን ይዟል። ነጩ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በእኩል ኃይል ስለሚያወጣ ለጆሮ ስል ይሆናል፤ ሮዙና ቡናማው ቀጭኑን ድምፅ ደረጃ በደረጃ ስለሚቀንሱት ጎርነን ይላሉ። እኛ የመረጥነው ቡናማውን ነው፤ ለሕፃኗ ይበልጥ ስለመጥቀሙ ልናረጋግጥ ባንችልም፣ ቢያንስ አብረናት ለምንቀመጠው አይሰለችም። አያቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ተከፍቶ የቀረ መስሏቸው ሊዘጉ ተነሥተው ነበር። የዝናቡ ቅጂ ጉድለት አለበት፦ አጭር ቅጂ እየተደጋገመ የሚጫወት በመሆኑ፣ መጨረሻውና መጀመሪያው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይቆረጣል። ይህ ክፍተት በመጀመሪያ ላይታወቅ ይችላል፤ አንዴ ከታወቀ ግን ጆሮ እሱን ብቻ እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ሽፋን እንዲሆን የታሰበው ድምፅም በራሱ መቀስቀሻ ይሆናል። የወፎቹን ዝማሬ ለማን ብለው እንደጨመሩት እስካሁን አልገባኝም። ልጃችን ስትሰማው ወፉን ፍለጋ አንገቷን ታዞራለች። ዜማዎቹም ቢሆኑ ከፍ ዝቅ የሚሉ ስለሆኑ ለማጫወቻ እንጂ ለመሸፈኛ አይሆኑም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የድምፁ መጠን ነው፤ ይህን ዓይነት ዕቃ የሚገዛ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢዘለው እንኳ ይህን ባይዘለው እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለሕፃናት የተሠሩ 14 የእንቅልፍ ማሽኖችን በከፍተኛ ድምፃቸው ሲለካ፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁሉም በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ እንዳይታለፍ ከሚመከረው 50 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ሦስቱ ደግሞ ከ85 ዴሲቤል በላይ አውጥተዋል፤ ይህም ከስምንት ሰዓት በላይ ቢቀጥል ለአዋቂ ሠራተኛ ከተፈቀደው ልክ ያልፋል። የጥናቱ አቅራቢዎች ማሽኑ ከሕፃኑ በተቻለ መጠን ርቆ፣ ድምፁም ዝቅ ብሎ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲሠራ መክረዋል። ይህን ይዤ የማሽናችንን ማሸጊያ ስመለከት የማየው ሥዕል ማሽኑ በመቆንጠጫው ከአልጋው ፍርግርግ ላይ፣ ከሕፃኑ ጆሮ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። መቆንጠጫውን የነደፈው ሰው ምቾትን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃው በዚህ አኳኋን እንዲቀመጥ መጋበዝ ከባድ ግድፈት ነው፤ ለማሽኑ በአጠቃላይ የምሰጠውን ግምት ዝቅ ያደረገብኝም ከሁሉ ይበልጥ ይህ ነው።

እኛ ማሽኑን ያስቀመጥነው ከአልጋዋ ትይዩ ባለው ግድግዳ፣ በመደርደሪያ ላይ፣ ከሁለት ሜትር በላይ ርቀት ላይ ነው። ከተቻለ በልጁና የውጭው ጫጫታ በሚመጣበት አቅጣጫ መካከል፣ ለምሳሌ በመስኮቱ ወይም በበሩ በኩል፣ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዝቅ ያለ ድምፅም ይበቃል። በስልክ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች ትክክለኛ መሣሪያን ባይተኩም ግምት ስለሚሰጡ፣ ስልኩን ራሷ በምታርፍበት ቦታ አድርጎ መለካት ይጠቅማል። መለኪያ ለሌለው ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ፦ አልጋው ዘንድ ቆሞ በተለመደው ድምፅ ሲናገሩ ድምፅን ከፍ ማድረግ የሚያስፈልግ ከሆነ ማሽኑ በዝቷል። በዚህ ረገድ ማሽናችን አንድ የሚያበሳጭ ጠባይ አለው። በጠፋ ቁጥር የመጨረሻውን የድምፅ መጠን ስለማያስታውስ፣ ሲበራ ሁልጊዜ ከመካከለኛው ይጀምራል። ልጅቷ በክንድ ላይ ልታሸልብ ስትል ማሽኑ በድንገት ጎልቶ ሲነሣ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። አሁን ማሽኑን ወደ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት አብርተን፣ ዝቅ አድርገን እንጠብቃለን።

የሰዓት ቆጣሪው ጉዳይ ደግሞ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። ማሽኑ በ30፣ በ60ና በ90 ደቂቃ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። ሠላሳ ደቂቃው ለቀን እንቅልፍ የተመረጠ ይመስላል፤ በተግባር ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። የሕፃን አንድ የእንቅልፍ ዑደት ከአዋቂው አጭር ነው፤ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይጠጋል። ከጥልቁ ወደ ቀላሉ እንቅልፍ የሚደረገው ሽግግር ደግሞ ልጁ በቀላሉ የሚባንንበት ወቅት ነው። ብዙ ወላጆች «ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ እንደ ደወል ትነሣለች» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኛም በሩን ገርበብ አድርገን ስንመለከት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጀመሪያ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ የዓይኗ ሽፋን ይርገበገባል፤ አተነፋፈሷ መፍጠንና መዘግየት ያመጣል፤ ከንፈሯን ጠባ ጠባ ታደርግና አንድ ጊዜ ታቃስታለች። በዚያች ሰዓት ክፍሉ እንደነበረ ከቆየ፣ ማንም ሳይቸኩል ከጠበቀ፣ አንዳንድ ጊዜ ራሷን ወደ ጎን አዙራ እንደገና ትተኛለች። በዚያችው ሰዓት ድምፁ ቀጥ ሲል ግን፣ ያ የዝምታ መምጣት ራሱ ይቀሰቅሳታል። ማሽኑ ድምፁን ቀስ በቀስ ቀንሶ ቢያጠፋ ችግሩ ይቃለል ነበር፤ ይህኛው ግን የሚያጠፋው በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ እኛ የ90 ደቂቃውን እንመርጥና ስትነሣ በእጃችን እናጠፋዋለን። ከዚህ በኋላ ሁሉም እንቅልፏ ረዘመ ማለት አይደለም፤ የረዘሙት ግን በርከት ብለዋል፤ በተለይ የቀትሩ።

ስለ አሠራሩ የቀረው ጥቂት ነው። ባትሪው ለቀኑ ሁሉ ይበቃል። ቁልፎቹ ሲጫኑ ጢጥ ይላሉ፤ ይህን ማጥፊያ የለውም። ፊቱ ላይ ያለው ሰማያዊ መብራት በጨለመ ክፍል ውስጥ ከሚገባው በላይ ስለሚያበራ በጥቁር ፕላስተር ሸፍነነዋል። ቻርጅ ማድረጊያው ገመድ ልጅ ከምትደርስበት ርቆ፣ ከአልጋው ቢያንስ አንድ ሜትር ገለል ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም የሚችል አደጋ ነውና።

ከሌሎቹ ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር የድምፅ ማሽኑን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ። የመጀመሪያው ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃን የሰውነት ሰዓቱን በቀጥታ የሚያዝ ሲሆን፣ ከዚህም በላይ ለአምስት ወር ልጅ የሚታይ ነገር ሁሉ የሚጠና ነገር ነው። ክፍሉ ሲጨልም የምታየው ያልቅባታል። መጋረጃው የሚዘጋው ግን ለእንቅልፍ ብቻ ነው፤ በነቃችበት ሰዓት ሁሉ ብርሃን ማግኘት ቀንና ሌሊትን እንድትለይ ይረዳታል። ማዘያው እምቢታው በጠናበት ቀን ከሁለቱም ይበልጣል፤ የአዛዩ ሙቀትና እርምጃ ማሽን የማይሰጠው ነገር ነው። ሆኖም ፊቷ መታየት፣ አፍንጫዋ ከልብስ መራቅ፣ አገጯም ደረቷ ላይ አለማረፉ በየጊዜው መታየት አለበት፤ የአዛዩ ወገብም ልክ አለው። በኤሌክትሪክ የሚወዛወዘውን ወንበር ግን ለእንቅልፍ አልመክርም። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ በጠንካራና በተስተካከለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት በሌለበት ነው፤ ቀን በመሆኑ ይህ አይለወጥም። ከፍ ብሎ በተንጋለለ መቀመጫ ላይ የተኛ ሕፃን ራሱ ወደ ፊት ዘንበል ሲል የአየር ቧንቧው ሊታጠፍ ይችላል። የብዙ ሕፃናት ሞት በዚህ ዓይነት መኝታዎች በመከሰቱ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ የሕፃናት መኝታዎች እንዳይመረቱና እንዳይሸጡ ከልክላለች። በወንበሩ ወይም በመኪና መቀመጫው ላይ ሳይታሰብ የተኛችውን ልጅ ወደ አልጋዋ ማዛወር ሊቀሰቅሳት ይችላል፤ ቢሆንም ማዛወሩ ይሻላል።

ልጅ ድምፁን ትለምድና ያለ እሱ አልተኛም ትላለች ወይ ለሚለው፣ በከፊል አዎ ማለት ይቻላል። ልማዱ ግን ጥቅምም አለው። መጋረጃው ሲዘጋ፣ ሽንት ጨርቋ ሲቀየር፣ ማሽኑ ሲበራ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሲደጋገም፣ የሚቀጥለው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለች። እንግዳ ቤት ስናድር ማሽኑ አብሮን ስለሚሄድ የማታውቀው ክፍል በግማሽ የምታውቀው ይሆንላታል። ማስተው ሲፈለግ በየጥቂት ቀኑ ድምፁን አንድ ደረጃ እየቀነሱ መሄድ በቂ ነው፤ ድምፁ ለጆሮ ወደማይታወቅበት ደረጃ ሲደርስ ማጥፋቱ ልዩነት አያመጣም። በዚህ ረገድ ማሽኑ ደረጃዎቹ ብዙ መሆናቸው ያስመሰግነዋል።

ስልክ ይህን ሁሉ መሥራት አይችልም ወይ ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ይችላል። ያለ ክፍተት የሚጫወት የድምፅ ቅጂ ጭኖ፣ ስልኩን ከኔትወርክ አውጥቶ፣ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ከማሽኑ እኩል ያገለግላል፤ ቬንትሌተር ያለው ቤትም አቅጣጫውን ከልጁ መልሶ ሊጠቀምበት ይችላል። ማሽኑ የሚበልጠው ልጁን የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ለሌላ ጉዳይ ሲፈልገው፣ ወይም ጥሪ መጥቶ እንቅልፉን እንዳያበላሽ ሲሰጋ ነው። ታላላቅ ወንድምና እህት ያሉበት፣ በሩ በየጊዜው የሚከፈትበት፣ ከመንገድ የተጠጋ ቤት ያለው ሰው ቢገዛው አይቆጨውም። ቤቱ ጸጥ ያለ ሆኖ ልጁ እምቢ የሚለው ግን ምናልባት የሚያተርፈው የመኝታውን ሰዓት በሩብ ሰዓት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እያደረገ ቢሞክር ነው። ልጁ በእንቅልፉ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል፣ ወይም በጀርባው በተጋደመ ቁጥር ሕመም እንዳለበት የሚጮህ ከሆነ ደግሞ መታየት ያለበት በሐኪም ነው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማሽኑን አስበርቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱን ድምፅ ቢያንስ ለሁለት ደቂቃ ቢያዳምጥ መልካም ነው፤ ቅጂው ሲደጋገም ድምፁ የሚቆረጥበት ቦታ ካለ በዚያ ጊዜ ይሰማል። ከዚያም ማሽኑን አጥፍቶ መልሶ ያብራውና ድምፁ ካቆመበት መጠን መነሣቱን ይመልከት።